የከበሮ መቺው ድርሻ
ስለ ራልፍ ማክዶናልድ የሙዚቃ ሕይወት

ሸክላ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው በሽፋኑ ፊት የታተመውን የዘፋኙን ፎቶግራፍና በትልልቅ ፊደል የተጻፈውን ስሙን ነው። ሽፋኑን ገልብጦ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተደረደሩትን ስሞች የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። ቤዙን ማን እንደ መታው፣ ፒያኖውን ማን እንደ ተጫወተው፣ ዜማውንና ግጥሙን ማን እንደ ደረሰው የሚነግሩት ግን እነዚያ ደቃቅ ፊደሎች ናቸው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በኒው ዮርክ ከተማ የተቀረጹትን ሸክላዎች ጀርባ የሚመረምር ሰው፣ ራልፍ ማክዶናልድ የሚለውን ስም ደጋግሞ ያገኛል። ስሙ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነው። አንዳንድ ጊዜ በተጫዋቾቹ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ፣ የምት መሣሪያዎችን የመታው ሰው በሚጻፍበት ስፍራ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዘፈኑ ርእስ ሥር፣ ደራሲው በሚጠቀስበት ቅንፍ ውስጥ ይነበባል። በእነዚህ በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት በወረቀቱ ላይ ከሁለት ጣት አይበልጥም። በገንዘብና በመብት በኩል ግን ሰፊ ገደል ነው፤ የዚህም ሰው የሥራ ታሪክ ያን ገደል የተሻገረበት ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ራልፍ ማክዶናልድ በማርች 15 ቀን 1944 ሀርለም በሚባለው የኒው ዮርክ ሰፈር ተወለደ። አባቱ ፓትሪክ ማክዶናልድ ከካሪብ ባሕር ደሴቶች አንዲቱ ከሆነችው ከትሪኒዳድ የመጣ የካሊፕሶ ዘፋኝና የባንድ መሪ ሲሆን፣ የመድረክ ስሙ «ታላቁ ማክቤዝ» ይባል ነበር። ካሊፕሶ ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የካሊፕሶ ዘፋኝ በግብሩ ከእኛ አዝማሪ ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው፤ በአገር የተሰማውን ወሬ በግጥም ይናገራል፤ ባለሥልጣኑን ሰም ለበስ በሆነ ቃል ይነካል፤ ያወድሳል፤ ያሽሟጥጣል፤ ከባልንጀራው ጋርም በግጥም ይፎካከራል። ለራሱም «ሎርድ»፣ «ዱክ»፣ «አንበሳ» እያለ የማዕርግ ስም ያወጣል። የእንግሊዝ ሹማምንት በሚገዙት አገር የድኻ ልጅ ራሱን «ሎርድ» ብሎ ሲጠራ፣ ስሙ ብቻውን ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ክስ ነበር።

የዚህ ሙዚቃ መሠረት ከበሮ ነው። ከበሮው ግን በትሪኒዳድ ብዙ መከራ ያየ መሣሪያ ነው። ከአፍሪካ በባርነት ተጭነው የሄዱት ሰዎች የአመታቱን ዕውቀት ይዘውት የተሻገሩት በእጃቸውና በትዝታቸው ብቻ ነበር። ባርነት ከቀረም በኋላ ገዢዎቹ፣ ከበሮ ሲመታ ሕዝብ ይሰበሰባል፣ ሕዝብም ሲሰበሰብ ሁከት ይነሣል በማለት ይሰጉ ነበር። በ1881 በፖርት ኦፍ ስፔን ከተማ በካርኒቫል በዓል ጊዜ በፖሊስና በሕዝቡ መካከል ግጭት ከተነሣ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት፣ በከበሮ መምታት ላይ ጥብቅ ገደብ የሚጥል ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ከበሮውን ቢነጠቅም ምቱን አልተነጠቀምና፣ ቀርከሃ በልዩ ልዩ ርዝመት እየቆረጠ መሬት ላይ በመውቃት ያንኑ ምት ማሰማት ጀመረ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቀርከሃው እየቀረ የብስኩት ቆርቆሮና የመኪና አሮጌ ብረት ተተካ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወራትና ከዚያም ወዲህ የነዳጅ በርሜል ተገኘ። የበርሜሉን ቂጥ በመዶሻ ወደ ውስጥ እየጠፈጠፉና ልዩ ልዩ ጉብታ እያወጡለት እያንዳንዱ ጉብታ የየራሱን ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉት። ስቲል ፓን የሚባለው መሣሪያ ይህ ነው። በ1951 ከትሪኒዳድ የተውጣጣ የስቲል ፓን ጓድ በሎንዶን በተደረገው የብሪታንያ ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ ተጫውቷል፤ ከተከለከለ ከበሮ የተወለደው ቆርቆሮ ከልካዮቹ ዋና ከተማ ገብቶ እስከ መጨብጨብ ደረሰ ማለት ነው። ራልፍ በአባቱ ቤት ያደገው ይህን ሁሉ እየሰማ ነው፤ ስቲል ፓኑንም ሌሎቹንም የምት መሣሪያዎች የለመደው ከልጅነቱ ጀምሮ ነበር።

ከበሮው ከሆነው በላይ ግን በዘፈኑ ላይ የሆነውን መናገር ይገባል፤ የልጁ ኋለኛ ሥራ የሚገባን በዚህ ነውና። በዲሴምበር 1946 አለን ሎማክስ የሚባለው የታወቀ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ፣ ታውን ሆል በሚባለው የኒው ዮርክ አዳራሽ በእኩለ ሌሊት የሚቀርብ የካሊፕሶ ትርኢት አዘጋጅቶ ነበር። በመድረኩ ላይ የቀረቡት ሦስት ዘፋኞች ዱክ ኦፍ አይረን፣ ሎርድ ኢንቬደርና የራልፍ አባት ታላቁ ማክቤዝ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የሎርድ ኢንቬደር ስም በዚያ ወራት ከአንድ ትልቅ ክርክር ጋር ተያይዞ ይነሣ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ በትሪኒዳድ ስለ ሰፈሩት የአሜሪካ ወታደሮችና ወታደሮቹ ስለሚበትኑት ዶላር «ራም ኤንድ ኮካ ኮላ» የሚል የሽሙጥ ዘፈን አውጥቶ ነበር። ሞሪ አምስተርዳም የተባለ አንድ አሜሪካዊ ቀልደኛ ደሴቲቱን ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ዘፈኑ በእርሱ ስም በአሜሪካ ተመዘገበ። አንድሩስ የተባሉት ሦስት እኅትማማች ዘፋኞች ሲዘፍኑትም በ1945 በመላው አሜሪካ በብዛት ከተሸጡት ሸክላዎች አንዱ ሆነ። በደሴቲቱ ላይ ዘፈኑን ያወጡት ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ ሽያጭ ያገኙት ነገር አልነበረም። ክርክሩ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ታይቶ በ1947 ስለ ግጥሙ፣ በ1948 ደግሞ ስለ ዜማው ለትሪኒዳዶቹ ወገን ተፈረደ።

ራልፍ የዚያን ጊዜ ሕፃን ነበርና ክርክሩን በዐይኑ አይቶ ተማረ ልንል አንችልም። ነገር ግን የካሊፕሶ ሰዎች በሚሰባሰቡበት ቤት ያደገ ልጅ፣ ዘፈን የሚሰረቅ ንብረት መሆኑንና የሚሰረቀውም ወረቀት ከሌለው ሰው መሆኑን ሳይሰማ አድጓል ማለት የሚከብድ ይመስለናል።

ሥራ የጀመረው በ17 ዓመቱ ነው፤ በስቲል ፓን ተጫዋችነት ከሃሪ ቤላፎንቴ ጓድ ጋር ተቀላቀለ። ቤላፎንቴ የዚያን ጊዜ በዓለም የታወቀ ሰው ነበር። በ1956 ያወጣው «ካሊፕሶ» የተባለው ሸክላ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ 31 ሳምንት ቆይቷል። የእኛ አገር ሰው ቤላፎንቴን ይበልጥ የሚያስታውሰው በ1985፣ ማለት በእኛ 1977 ዓ.ም.፣ በድርቁ ጊዜ የአሜሪካን ዘፋኞች ለእርዳታ ዘፈን ካነሣሡት ሰዎች ዋነኛው በመሆኑና እርሱም ራሱ እርዳታውን ተከትሎ ኢትዮጵያ ድረስ በመምጣቱ ነው። ወደ ነገራችን እንመለስና፣ ራልፍ በዚህ ሰው ጓድ ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ከአገር አገር ዞረ፤ የብዙ ሕዝብ ምት ሰማ፤ በመድረክ ላይ ለአንድ ትልቅ ዘፋኝ ታዛዥ መሆን ምን ማለት እንደ ሆነም ተማረ።

ታዛዥነቱ ግን አፍ ያለው ታዛዥነት ነበር። አንድ ቀን ለጌታው፣ የምንጫወተው የእውነተኛው ካሊፕሶ ምት የለውም ብሎ ተናገረ ይባላል። ቤላፎንቴም አልተቆጣም፤ እንግዲያውስ አንተው ጻፈው አለው። ልጁም ጻፈው፤ «ካሊፕሶ ካርኒቫል» የተባለው የቤላፎንቴ ሸክላ የዚህ ንግግር ፍሬ ነው። ወጣቱ ከበሮ መቺ ደራሲ ሆነ። ለቤላፎንቴ ምስጋና ይገባዋል። ከጓዱ መካከል የተነሣን ወጣት ተቺ ማባረር እየቻለ ብዕር የሚያስይዝ አለቃ በሙዚቃም ሆነ በሌላ ሥራ ዘወትር አይገኝም።

በ1967 ዊልያም ሳልተር ከሚባለው የቤዝ ተጫዋችና ዊልያም ኢተን ከሚባለው የሙዚቃ አቀናባሪ ጋር ሆኖ አንቲሲያ የሚባል የዘፈን አሳታሚ ኩባንያ አቋቋመ። ገና አንድም ዘፈናቸው በአገር ያልታወቀላቸው ሦስት ሙዚቀኞች መጀመሪያ የሠሩት ነገር፣ ወደፊት የሚጽፉት ዘፈን የሚመዘገብበትን ቤት ነው። ጎተራውን ከእህሉ በፊት ሠሩ፤ ብዙ ሙዚቀኞችን የጎዳው ደግሞ እህሉን ካመረቱ በኋላ የሰው ጎተራ ውስጥ ማስገባታቸው ነበር።

እዚህ ላይ የሥራውን ጠባይ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ለሸክላ ቀረጻ የሚጠራ ሙዚቀኛ የማንም ባንድ አባል አይደለም፤ ስልክ ይደወልለታል፣ መሣሪያውን ይዞ ይሄዳል፣ ይጫወታል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይመለሳል። የሙዚቀኞች ማኅበር ከሸክላ ኩባንያዎች ጋር በተዋዋለው መሠረት አንድ የቀረጻ ጊዜ ሦስት ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል፤ ክፍያውም በዚያው ይታሰባል። ሸክላው አንድ ሺህ ቢሸጥ አሥር ሚሊዮን ቢሸጥ ለሦስቱ ሰዓት የተከፈለው ያው ነው። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው፣ በአሜሪካ ሕግ ዘፈን በአየር ሞገድ ራዲዮ በተሰማ ቁጥር ጣቢያው የሚከፍለው ለደራሲውና ለአሳታሚው መሆኑ ነው፤ ለዘፋኙም ሆነ ለተጫዋቹ አይከፍልም። ይህ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ስለዚህ እጁ በሺህ ቤት የሚሰማ ከበሮ መቺ የቤቱን ኪራይ ለመክፈል በነጋታው ሌላ ስልክ መጠበቅ ግዴታው ነው።

ማክዶናልድ በ1970ዎቹ ከቤላፎንቴ ተለይቶ ወደ ቀረጻ ሥራ ሲገባ ስልኩ የማያርፍ ሰው ሆነ። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ምት የሚያውቅ ሰው በኒው ዮርክ አልጠፋም፤ ቦታውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። በዚያ ዘመን የድምፅ ክር በ16፣ ኋላም በ24 መሥመር ይከፈል ስለ ነበር፣ ሙዚቀኞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መገኘት አያስፈልጋቸውም ነበር። ድረሙ፣ ቤዙ፣ ጊታሩና ፒያኖው መጀመሪያ ይቀረጻሉ፤ የምት መሣሪያ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ኋላ ይመጣና የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ባለቀው ነገር ላይ ይጨምራል። ሙሉ በሆነ ነገር ላይ ምን ይጨመራል? በእጅ የሚመቱት ረጃጅሞቹ የኮንጋ ከበሮዎች አሉ፤ ትንንሾቹ መንትያ ቦንጎዎች አሉ፤ ፍሬ የተሞላ ቅል፣ የከብት ቃጭል፣ ታምቡሪን፣ ትሪያንግል የሚባለው ባለሦስት ማዕዘን ብረት አለ። ጀማሪ ሁሉንም ሊያሰማ ይሞክራል። ማክዶናልድ ግን አስቀድሞ የድረሙ ምት ወድቆ እስኪነሣ ባለው ጊዜ መካከል የቀረውን ክፍተት ይፈልጋል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ያስተውላል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅል ብቻ በቂ ሆና ካገኛት አንዲቷን ቅል ብቻ ያንቀሳቅሳል።

ይህን ለመረዳት የሚፈልግ አንባቢ በ1970ዎቹ አጋማሽ እርሱ ከተጫወተባቸው ሸክላዎች አንዱን በጥሞና ያዳምጥ። የሮቤርታ ፍላክ «ኪሊንግ ሚ ሶፍትሊ» የ1973፣ የፖል ሳይመን «ስቲል ክሬዚ አፍተር ኦል ዚዝ ይርስ» የ1975፣ የጆርጅ ቤንሰን «ብሪዚን» የ1976፣ የቢሊ ጆኤል «ዘ ስትሬንጀር» የ1977 ናቸው። አንዷ ለስላሳ የነፍስ ዘፈን የምትዘፍን ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ሁለተኛው በጊታር የሚተርክ ገጣሚ ነው፤ ሦስተኛው የጃዝ ጊታር ሊቅ ነው፤ አራተኛው ፒያኖ ተጫዋች ነው። ለእነዚህ ለአራቱ አንድ ሰው አንድ ዓይነት ምት ቢመታላቸው ኖሮ ሦስቱ ባልተቀበሉት ነበር። በመጀመሪያው ስሚ ከበሮው ላይሰማ ይችላል። በሁለተኛው ስሚ ግን ዘፈኑን ወደ ፊት የሚገፋው ከታች ያለው ነገር ምን እንደ ሆነ ጆሮ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው የስሙ ቦታ እንሻገር። ማክዶናልድና ሳልተር የጻፉት «ዌር ኢዝ ዘ ላቭ» የተባለው ዘፈን፣ ትርጓሜውም «ፍቅሩ ወዴት አለ?» ማለት ነው፣ በ1972 በሮቤርታ ፍላክና በዶኒ ሀታዌይ ድምፅ ወጣ። ቃል ገብቶ የቀረ ወዳጅ የሚጠየቅበት ዘፈን ሲሆን፣ ጥያቄው ከዜማው ጋር በቀስታ ይወርዳል። በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥ 5ኛ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሰንጠረዥ ደግሞ 1ኛ ሆነ፤ በሚከተለውም ዓመት ዘፋኞቹ የግራሚ ሽልማት ተቀበሉበት። ሸክላው አንድ ሚሊዮን ቅጂ ለሚሸጥ ዘፈን የሚሰጠውን የወርቅ ምስክርነት አገኘ።

እስቲ በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ከ1909 ጀምሮ እስከ 1977 መጨረሻ በጸናው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ለአንድ የተሸጠ የሸክላ ዘፈን ለደራሲነት መብት የሚከፈለው ከፍተኛ ተመን 2 ሳንቲም ነበር። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራው ሲወደድ፣ ቤቱ ሲወደድ፣ ሸክላውም ራሱ ሲወደድ ይህች 2 ሳንቲም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አንድ ሚሊዮን ቅጂ በ2 ሳንቲም ቢባዛ 20,000 ዶላር ይሆናል። እንደ ልማዱ ግማሹ ለአሳታሚ፣ ግማሹ ለደራስያን ነው። ደራሲው ዘፈኑን ለሌላ አሳታሚ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ከእጁ ይወጣ ነበር። አሳታሚው አንቲሲያ ስለ ሆነ ግን ሁለቱም ግማሾች ወደ አንድ ቤት ገቡ። ከሸክላው ሽያጭ ሌላ ራዲዮው በየጊዜው የሚከፍለው፣ ሌሎች ዘፋኞች ዘፈኑን ደግመው ሲቀርጹትም የሚመጣው አለ። ከአምስት ዓመት በፊት ባዶውን የተሠራው ጎተራ እህል አገባ።

ከዚህ በኋላ አንዱ ዘፈን ሌላውን አስከተለ። ሁለቱ ጓደኛሞች የጻፉት «ሚስተር ማጂክ» በ1975 የሳክስፎን ተጫዋቹን የግሮቨር ዋሽንግተን ጁንየርን ስም በአሜሪካ አገነነ፤ በዚያም ሸክላ ላይ ማክዶናልድ ራሱ የምት መሣሪያውን ተጫውቷል። «ትሬድ ዊንድስ» የተባለውንም የእነርሱን ዘፈን ሮድ ስቱዋርት በ1976 ዘፈነው። ያን ጊዜም ማክዶናልድ የቀን ሥራውን አልተወም። ከዘፈን ድርሻው ገንዘብ እየገባለት መሣሪያውን ተሸክሞ ወደ ሌሎች ቀረጻ መሄዱን ቀጠለ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ስስት ሊያየው ይችላል፤ እኛ ግን የደራሲነቱ ምንጭ ያው የቀን ሥራው ነበር ብለን እናምናለን። በየቀኑ የሌሎችን ዘፈን ከውስጡ ገብቶ የሚያዳምጥ ሰው፣ የትኛው ዘፈን እንደሚቆምና የትኛው እንደሚወድቅ ከማንም በፊት ያውቃል።

በራሱ ስም ያወጣቸውም ሸክላዎች አሉ። በ1976 «ሳውንድ ኦቭ ኤ ድረም»፣ በ1978 «ዘ ፓዝ»፣ በ1979 «ካውንተርፖይንት» ወጡ። እውነቱን ለመናገር፣ በእነዚህ ሸክላዎች ውስጥ በሌላ ሰው ዘፈን ላይ ሲጫወት የሚታይበት ቁጥብነት አልፎ አልፎ ይጎድላል፤ ጌታው ራሱ ሲሆን እጁ ይበዛል። «ዘ ፓዝ» የተባለው ግን ከሌሎቹ ተለይቶ መታሰብ አለበት። የሸክላውን አንድ ፊት የሞላው ረጅሙ ድርሰት ከበሮ ከአፍሪካ ተነሥቶ በካሪብ ደሴቶች አልፎ አሜሪካ እስኪደርስ የሄደበትን መንገድ በምት ይተርካል። ስለ ሕጉና ስለ ቀርከሃው ከላይ የጻፍነውን ነገር እርሱ ያለ ቃል ነግሮታል ማለት ነው።

ከመጀመሪያው ሸክላው ውስጥ ዊልያም ኢተን የደረሰው «ካሊፕሶ ብሬክዳውን» የተባለው ሥራ ደግሞ ያልተጠበቀ ዕድል ገጠመው። በ1977 «ሳተርደይ ናይት ፊቨር» የተባለው ፊልም ሲወጣ ከሙዚቃዎቹ አንዱ ሆኖ ገባ። የፊልሙ ሸክላ በዓለም ሁሉ በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ፤ በ1979ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ተሸለመ። ያን ሸክላ ከገዙት መካከል ስንቱ ነው በውስጡ የተከለከለው የትሪኒዳድ ከበሮ የልጅ ልጅ መኖሩን ያወቀ?

የሥራው ሁሉ መጋጠሚያ ግን በ1980 የተሠራው «ዋይንላይት» የተባለው የግሮቨር ዋሽንግተን ሸክላ ነው። የተቀረጸው ሮዝበድ በሚባለው በማክዶናልድ በራሱ ስቱዲዮ በኒው ዮርክ ሲሆን፣ የሥራው መሪዎች ዋሽንግተንና ማክዶናልድ ነበሩ። ድረሙን ስቲቭ ጋድ፣ ቤዙን የዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ማርከስ ሚለር፣ ጊታሩን ኤሪክ ጌል፣ የፒያኖውን ወገን ሪቻርድ ቲ ተጫወቱ። ማክዶናልድና ሳልተር ለዚህ ሸክላ «ጀስት ዘ ቱ ኦቭ አስ» የሚል ዘፈን አዘጋጁ፤ «እኛ ሁለታችን ብቻ» ማለት ነው። እንዲዘፍነው የጠየቁት ቢል ዊዘርስን ነበር። ዊዘርስ ራሱ ታላቅ ደራሲ ነበርና በቃላት ነገር የሚጠነቀቅ ሰው ነው፤ ግጥሙን ጥቂት ላስተካክለው ብትፈቅዱልኝ እዘፍነዋለሁ አላቸው። ፈቀዱለት። በቅንፉም ውስጥ ሦስተኛ ስም ተጨመረ።

ይህን ነገር ቀላል አድርገን አንለፈው። ዘፈኑን የሚያነሣው ዘፋኝ ጥቂት ቃል ስለ ለወጠ ድርሻ ሲጠይቅ ብዙ ደራስያን ይከፋቸዋል፤ ድርሻ የሚጠይቅ ዘፋኝም አንዳንድ ጊዜ አንድ ቃል ሳይነካ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ሥራው በእውነት ተሠርቶ ነበር፤ የሠራው ሰው ስምም ተጻፈ። የሌላውን ሰው ሥራ በራስ ስም ማስመዝገብ ምን እንደሚያስከትል የካሊፕሶ ሰዎች በ«ራም ኤንድ ኮካ ኮላ» አይተውታል። የታላቁ ማክቤዝ ልጅ ተራው ደርሶ የቤቱ ባለቤት በሆነ ጊዜ፣ የሌላውን ስም አላስቀረም።

በአልበሙ ላይ ዘፈኑ ከ7 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሮበርት ግሪኒጅ የሚባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ በስቲል ፓን ብቻውን የሚጫወትበት ክፍል አለበት፤ ማክዶናልድ በ17 ዓመቱ እንጀራ የበላበት ያ በርሜል በዚህ ዘፈን መካከል እንደ ውሃ ጠብታ ይሰማል። እርሱ ራሱ እንደ ልማዱ ከሥር ሆኖ በቀስታ ይመታል። በ1981 ዘፈኑ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በ1982 ሦስቱም ደራስያን የምርጥ አር ኤንድ ቢ ዘፈን ግራሚን ተቀበሉበት። በ1998 ደግሞ ዊል ስሚዝ ስለ ልጁ በሚናገርበት ዘፈን ዜማውን መልሶ ወሰደው፤ ይህኛው ሲወሰድ ግን ባለቤቶቹ በወረቀት ታውቀው ነበር።

ስለ ኋለኛው ዘመኑ የምንለው አጭር ነው። በ1980ዎቹ የኤሌክትሪክ ምት ማሽን እየተስፋፋ ሲሄድ ለቀረጻ የሚጠራ ከበሮ መቺ ሥራ በጠቅላላው እየቀነሰ ሄደ። ብዙ ባልደረቦቹን ይህ ክፉኛ ጎዳቸው፤ ድርሻ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩና። ማክዶናልድ ግን በ1984 «ዩኒቨርሳል ሪዝም» የሚባል ሸክላ በራሱ ስም አወጣ፤ ቢል ዊዘርስም በዚያ ላይ ዘፍኖለታል። በኋለኞቹም ዓመታት ከጂሚ ባፌት ባንድ ጋር በየከተማው እየዞረ ተጫወተ። በዚያም ባንድ ውስጥ ስቲል ፓኑን የሚመታው ያው ሮበርት ግሪኒጅ ነበር።

በ1999 የታውን ሆሉ የ1946 ትርኢት ቅጂ ታትሞ ወጣ። ከ53 ዓመት በኋላ የታላቁ ማክቤዝ ድምፅ ከሎርድ ኢንቬደርና ከዱክ ኦፍ አይረን ድምፅ ጋር ለሕዝብ ተሰማ። ልጁ ራልፍ ያን ጊዜ 55 ዓመቱ ነበር። በዲሴምበር 18 ቀን 2011 ኮነቲከት በሚባለው ክፍለ አገር ስታምፈርድ በምትባለው ከተማ፣ በሳንባ ካንሰር ታሞ በ67 ዓመቱ ዐረፈ። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በ1972 የታተመ ዘፈን የደራሲነት መብቱ ለ95 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ የ«ዌር ኢዝ ዘ ላቭ» መብት እስከ 2067 መጨረሻ ይቆያል።